አስቂኝ የበቀል ኩንግ ፉ ፊልም ሲመረጥ፦ ሳቁ የት ላይ ይቆማል?

የበቀል ኩንግ ፉ ፊልም ታሪኩ አንድ ነው። ሰው ይገደላል፣ የቀረው ማስተር ፈልጎ ይሰለጥናል፣ ደሙን ይመልሳል። አክተሩ እንደማይሞት ደግሞ ቪዲዮ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ «ታሪኩ ምንድን ነው?» ብሎ መምረጥ የትም አያደርስም። በተለይ አስቂኝ የሆኑትን አንዱን ከአንዱ የሚለየው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ደሙ የሚፈሰው ፊልሙ የት ሲደርስ ነው? እስከዚያ ድረስ ያሳቀን ነገርስ ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል? ቀልዱ ራሱ የበቀሉ መሣሪያ ሆኖ ከተመለሰ ፊልሙ ይይዛል። ቀልዱ ተረስቶ ከቀረ ግን ሁለት ፊልም በአንድ ክር የተሰፋ ይመስላል።

ለቸኮለ ሰው መልሱ አጭር ነው። ሳቅና ቂም አንድ ላይ ተቦክተው ማየት የፈለገ «ፊርለስ ሃይና»ን ይያዝ። ድብድቡ ብቻ ይበቃኛል የሚል «ኖክአባውት»ን። በፊልምነቱ ከሁሉም የሚበልጠው «ዘ ፕሮዲጋል ሰን» ነው፤ ከልጆች ጋር ግን አይታይም። ኩንግ ፉ የማይወዱ ሰዎች ቤት ውስጥ ካሉ «ኩንግ ፉ ሀስል» ሁሉንም ያስማማል። «ድራንክን ማስተር» በዝናው ይበልጣቸዋል፤ በቀሉ ግን ቀጭን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። ጃኪ ቻን፣ ሳሞ ሁንግ፣ ዩን ቢያዎ፣ ዩን ዋ እና ዩን ቺዩ ያደጉት ሆንግ ኮንግ ውስጥ በነበረው በአንድ የፔኪንግ ኦፔራ (የቻይና ባህላዊ ቲያትር) ትምህርት ቤት፣ በአንድ መምህር በዩ ጂም ዩን እጅ ነው። መገለባበጥ፣ በእጅ መቆም፣ ፊትን እንደ ጭምብል መለዋወጥና ከከበሮ ምት ጋር መንቀሳቀስ የተማሩት በልጅነታቸው ነው። ድብድቡ ከጠብ ይልቅ ጭፈራ የሚመስለው በዚህ የተነሳ ነው። «ይሄ እውነተኛ ድብድብ አይደለም» ብሎ የሚያጉረመርም ተመልካች አጠገባችሁ ካለ ይህን ንገሩት፤ ትክክል ነው፣ እንዲሆንም አልተፈለገም።

ፊርለስ ሃይና (1979)

ጃኪ ቻን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ዳይሬክት ያደረገው ፊልም ነው፤ ርዝመቱ ወደ 97 ደቂቃ። ልጁ ገጠር ውስጥ ከአያቱ ጋር ይኖራል። አያትየው ኩንግ ፉ ያስተምሩታል፣ ሰው ፊት እንዳያሳይ ግን አጥብቀው ይከለክሉታል። ምክንያት አላቸው፦ የን የሚባል፣ ቻይናን ይገዙ ለነበሩት ለቺንግ ነገሥታት የሚሠራ ሰው የሳቸውን ስልት ተከታዮች እያደነ ይገድላል። ልጁ ደግሞ ሥራ የማይበረክትለት፣ እጁ የሚበላው ዓይነት ነው። ገንዘብ ሲቸግረው ሊዘጋ በደረሰ የኩንግ ፉ ትምህርት ቤት ይቀጠርና የሚመጣውን ተጋጣሚ ሁሉ መልኩን እየቀየረ ይገጥማል፤ አንዴ ዓይኑን አንሸዋርሮ፣ አንዴ የሴት ልብስ ለብሶ። የትምህርት ቤቱ ስም ይገናል፣ ወሬው የን ጆሮ ይደርሳል፣ አያትየው ይገደላሉ።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ያሳቀን ነገርና አያትየውን ያስገደለው ነገር አንድ ነው። ልጁ የሚመልሰው ደም በራሱ ልታይ ባይነት የፈሰሰ ደም ነው። ግድያውንም ተደብቆ ያያል፤ የአያቱ የቀድሞ ባልንጀራ የሆነው ሽማግሌ ማስተር ይዞት ድምፅ እንኳ እንዳያወጣ ይከለክለዋል። ከዚያ በኋላ የሚማረው ስልት በአራት ስሜቶች ላይ የቆመ ነው፤ ደስታ፣ ቁጣ፣ ሐዘንና ፌሽታ። መጨረሻ ላይ ከየን ጋር ሲጋጠም እንደ ሕፃን እያለቀሰ፣ እየተንከባለለ፣ እየሳቀ ይመታል። የን ለያንዳንዱ ጡጫ መልስ አለው፣ ለሚያለቅስ ሰው ግን መልስ የለውም። ያን ቀን ማልቀስ የተከለከለው ልጅ እዚህ ጮክ ብሎ ያለቅሳል። ጃኪ ቻን በኋላ በትልልቅ ገንዘብ ከሠራቸው ውስጥ ሳቅና ሐዘንን እንዲህ ያጣበቀ ማግኘት ይከብዳል።

በቅርብ መታየት ያለበት ትዕይንት የምግቡ ነው። ሽማግሌውና ልጁ አንድ ሳህን ላይ ያለውን በቾፕስቲክ ይሻማሉ። ፊታቸውን ትታችሁ የእጅ አንጓቸውን ተከተሉ። ቾፕስቲኩ የሚሄድበት መንገድ ያው የቡጢ መንገድ ነው፤ ይገፋል፣ ይጠመዝዛል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይጠርጋል፣ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ይገባል። ልጁ የሚሸነፈው ዓይኑ ቁራሹ ላይ ስለሚቀር ነው። በኋላ ድብድቡ ላይ ዓይኑ የት እንዳለ አወዳድሩ።

ጉድለቱ መጀመሪያው ላይ ነው። የሬሳ ሳጥን ሻጩ ዘንድ ያለው ቀልድ ከታሪኩ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ትዕግሥት የሌለው ሰው እዚያ ጋ ይዘጋዋል። አትዝጉት፣ ቢበዛ አሳልፉት።

ሌላው ወጥመድ «ክፍል 2» ነው። በ1983 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ጃኪ ቻን ቀረጻውን ጥሎ ወደ ሌላ ኩባንያ ከሄደ በኋላ በተረፈ ፊልምና በሚመስሉት ሰዎች ተጣጥፎ የተጨረሰ ነው። ድብድቡ ላይ አክተሩ ፊቱን ካሜራው እንዳያየው ሲያዞር፣ ፀጉሩ ዓይኑን ሲሸፍን ካያችሁ የያዛችሁት «ክፍል 2»ን ነው። ስሙን ብቻ አይቶ የሚያወርድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚይዘው ይህንኑ ነው፤ ዓመቱን አረጋግጡ።

ኖክአባውት (1979)

ዳይሬክተሩ ሳሞ ሁንግ ነው፤ ለዩን ቢያዎ የመጀመሪያ መሪ ሚናው። ሁለት አጭበርባሪ ወንድማማቾች አሉ። ከተማውን ሲያጭበረብሩ ከርመው አንድ ሽማግሌ ላይ ሲሞክሩ በደንብ ይወቀጣሉ፤ ከዚያ ተንበርክከው «አስተምረን» ይሉታል። ያስተምራቸዋል። ችግሩ ማስተሩ ነፍሰ ገዳይ መሆኑ ነው፤ ሲደርሱበት ትልቁ ወንድም ታናሹን ለማስመለጥ ሲል ይሞታል። ታናሹ ቀድሞ ከሚያውቀው ወፍራም ለማኝ (ራሱ ሳሞ ነው) የዝንጀሮ ስልት ተምሮ የገዛ አስተማሪውን ደም ይፈልጋል።

ከሌሎቹ የሚለየው ደመኛው ያሰለጠነው ሰው መሆኑ ነው። የተማረውን ሁሉ ያ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ሁለተኛ ስልት የግድ ያስፈልገዋል፤ በሌሎች ፊልሞች ላይ ስልጠናው ጊዜ መሙያ ሲመስል እዚህ ምክንያት አለው። ዝንጀሮው ደግሞ ከአጭበርባሪው ጋር ይሄዳል፤ ይሰርቃል፣ ይቧጭራል፣ ጆሮ ይጎትታል፣ ይሸሻል። የመጀመሪያው ክፍል ሌብነት በመጨረሻው ድብድብ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

ዩን ቢያዎ በገመድ ዝላይ የሚለማመድበትን ቦታ አታሳልፉ። ገመዱ እየዞረ ይገለበጣል፣ ገመዱ እየዞረ ይወርዳል፤ በሰውነቱ የሚሠራውን ለማመን ካስቸገራችሁ ወደ ኋላ መልሳችሁ እግሩ መሬት የሚነካበትን ቅጽበት ተመልከቱ። ትልቁን ወንድም የሚጫወተው ሌንግ ካ ያን በአንጻሩ ማርሻል አርት በወጉ ያልተማረ፣ እያየ በመቅዳት ብቻ የሚሠራ ተዋናይ መሆኑ ይነገርለታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ራሱ መዝናኛ ነው። ገዳዩን የሚጫወተው ላው ካ ዊንግ ነው። መጨረሻው ላይ ታናሹና ለማኙ ሁለት ለአንድ ሆነው ይገጥሙታል፤ እንዲያም ሆኖ ያስጨንቃል።

ድክመቱ ቀልዱ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በጩኸትና ዓይን በማፍጠጥ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ሁሉም አይስቅበትም።

ዘ ፕሮዲጋል ሰን (1981)

ይህም የሳሞ ሁንግ ነው፤ 100 ደቂቃ ገደማ። ቦታው የቻይናዋ ፎሻን ከተማ፣ ስልቱ ዊንግ ቹን፣ ባለታሪኩ ሌንግ ጃን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእውን የኖረ የዊንግ ቹን ሰው ነው። ታሪኩ ግን የፊልም ነው።

ዩን ቢያዎ የሀብታም ልጅ ነው፤ በከተማው የሚያክለው ተደባዳቢ የለም። ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያምናል። ተጋጣሚዎቹ በሙሉ እንዲሸነፉለት ከጀርባ ገንዘብ እየተከፈላቸው መሆኑን አያውቅም። አንድ ቀን የሴት ሚና የሚጫወት የኦፔራ ተዋናይ (ላም ቺንግ ዪንግ) ጉዱን ያወጣበታል። ልጁ የሚያደርገው ነገር የሀብታም ልጅ ነገር ነው፤ የኦፔራውን ቡድን ገዝቶ፣ «አስተምረኝ» እያለ ከከተማ ከተማ ይከተለዋል። እስከዚህ ድረስ ንጹሕ ኮሜዲ ነው።

ከዚያ ሎርድ ንጋይ ይመጣል። ይህ የመኳንንት ልጅ በእውነት ጎበዝ ነው፣ ጨዋም ነው። ከተዋናዩ ጋር ሲጋጠም ተዋናዩን አስም ይነሳበታል፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚባለው፣ አስም ይዞ ዊንግ ቹንም አይሆንም። ንጋይ ያቆማል፣ ሲሻልህ እንገጥማለን ይለዋል። የዚያኑ ሌሊት የንጋይ ጠባቂዎች፣ ጌታቸው ሳያዝ፣ ቲያትር ቤቱን ከነሰዉ ያቃጥላሉ። የተኙ ሰዎች ጉሮሮ ይቆረጣል። ሳቁ እዚህ ጋ በአንድ ጊዜ ቀጥ ይላል፤ ከሆንግ ኮንግ ኮሜዲዎች ውስጥ እንዲህ በድንገት ፊቱን የሚያዞር አላየንም።

ይህ ፊልም ከሌሎቹ ከፍ የሚለው ጠባቂዎቹን በምክንያት ስላስገባቸው ነው። እነሱም እንደ ሌንግ ጃን አሽከሮች ናቸው፤ ያንዱ ልጅ በገንዘብ፣ የሌላው ልጅ በደም እንዳይሸነፍ ይጠበቃል። ሌንግ ጃን ደም ለመመለስ የሚገጥመው ሰው ገዳዩ ራሱ አይደለም፣ የራሱ መልክ በመስታወት ነው። መጀመሪያ ላይ ያሳቀን የተገዛ ድል በሌላ ልብስ ተመልሶ መጣ። በመጨረሻው ድብድብ ላይ ቀልድ የለም ማለት ይቻላል፣ መኖርም የለበትም።

መሃል ላይ ሳሞ ራሱ በወፍራም ማስተርነት ይገባና ውጥረቱን ያረግበዋል። አንዳንዶች ይህን ክፍል ረጅም ነው ይሉታል፤ ከእሳቱ በኋላ ትንፋሽ ስለሚያስፈልግ ግን ቦታው ልክ ነው። ዊንግ ቹንን ለማያውቅ ሰው የሚታየው ነገር ርቀቱ ነው። ተጋጣሚዎቹ ክንዳቸው እንደተነካካ ይቆያሉ፣ ክርን ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ቡጢው ከደረት መሃል ተነስቶ በአጭሩ ይሄዳል፣ ካልቾው ዝቅ ያለ ነው። በነገራችን ላይ ሎርድ ንጋይን የሚጫወተው ፍራንኪ ቻን የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ነው።

ኩንግ ፉ ሀስል (2004)

ስቲቨን ቻው ዳይሬክተርም አክተርም ነው፤ 99 ደቂቃ። እዚህ በቀሉ ተገልብጧል። ቂም የያዙት ወሮበሎቹ ናቸው፤ የመጥረቢያው ቡድን በአንድ የድሆች መንደር ስለተዋረደ ተከራይ ሆነው የተደበቁትን ማስተሮች ለማጥፋት ገዳይ በገዳይ ላይ ይልካል። ኩሊው፣ ልብስ ሰፊውና ዱቄት ጋጋሪው ናቸው ማስተሮቹ። የመንደሩ አከራይ ባልና ሚስት ደግሞ ዩን ዋ እና ዩን ቺዩ፤ ከላይ ያነሳነው ትምህርት ቤት ልጆች፣ ጎልማሳ ሆነው። ብሩስ ሊን ተክቶ ይገለበጥለት የነበረው ዩን ዋ ነው፤ እዚህ ፒጃማ ለብሶ ሚስቱ ስትደበድበው ታዩታላችሁ።

ለጀማሪ ይመቻል፣ ምክንያቱም ቀልዱ በዓይን የሚታይ ነው። ሁለት ሌባ ለመሆን የሚጣጣሩ ሰዎች አከራይዋን በቢላዋ ሊገድሉ ሲሞክሩ ቢላዋው ሁሉ ተመልሶ አክተሩ ትከሻ ላይ ይሰካል፤ ለዚህ አስተርጓሚ አያስፈልግም። የካንቶንኛው (የሆንግ ኮንጉ ቋንቋ) የቃላት ጨዋታ ግን በየትኛውም ትርጉም ይጠፋል፣ ሰዎች ሳቁን ሳያገኙት ያልፋሉ። ድብድቡን ያቀናበሩት ሳሞ ሁንግና፣ እሱ ከለቀቀ በኋላ፣ ዩን ዎ ፒንግ ናቸው፤ ኮምፒውተር ብዙ ተጨምሮበታል። የሰው ጉልበት ብቻ ማየት የሚፈልግ ሰው በመጨረሻው 15 ደቂቃ ቅር ይለዋል። አስቂኝ ስለሆነ ለልጅ ይሆናል ብላችሁ አትሳሳቱ፤ ገና ሲከፈት ሰው በመጥረቢያ ይቆረጣል፣ ሴት ከጀርባዋ በጥይት ትመታለች፣ መሃል ላይ የሚበጠስ አንገት አለ።

ዝናቸው የሚያታልል

«ስኔክ ኢን ዘ ኢግልስ ሻዶው» በመጋቢት 1978፣ «ድራንክን ማስተር» በዚያው ዓመት ጥቅምት ነው የወጡት። ዳይሬክተሩ ያው ዩን ዎ ፒንግ፣ አክተሩ ያው ጃኪ ቻን፣ ሽማግሌው ማስተር ያው ሳይመን ዩን (የዳይሬክተሩ አባት)፣ ጠላቱም ያው በካልቾው የታወቀው ኮሪያዊ ህዋንግ ጃንግ ሊ። ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት አንድ ወጥ ሁለት ጊዜ መብላት ነው። በቀል የምትፈልጉ ከሆነ የመጀመሪያውን ምረጡ፤ የእባብ ስልት ሰዎች በንስር ጥፍር ስልት ሰዎች ተጨፍጭፈው ሊያልቁ ነው፣ ነገሩ የሞት ነው። በ«ድራንክን ማስተር» ውስጥ ያለው ቂም የውርደት ቂም ነው፤ ልጁን አንድ ሰው ደብድቦ አዋርዶታል፣ መጨረሻ ላይ ያው ሰው አባቱን ሊገድል ተቀጥሮ ይመጣል። ደም አልፈሰሰም። ግን እንደ ኮሜዲ 111 ደቂቃው አይሰለችም፤ የስካር ስልቱ ካሉት ስምንት የሰካራም መናፍስት አካሄዶች ሰባቱን ተምሮ ስምንተኛዋን፣ ሴቲቱን፣ ንቆ የዘለለው ልጅ መጨረሻ ላይ ምን እንደሚያመጣ ጠብቁ። ከልጆች ጋር ለማየት ከሁሉም የቀለለው ይሄ ነው፤ ጣጣው መጠጡ ነው።

«ማግኒፊሰንት ቡቸር» (1979) ላይ ሳሞ ሥጋ ሻጭ ነው። በቀሉ ሁለት አቅጣጫ አለው፤ አንዱ ወንድሙ የተገደለበት፣ ሌላው ልጁ የተገደለበት። ጥሩ ነው፣ ግን ከመሃል የሚገባው በሴት ላይ የሚፈጸም ጥቃት ከቀልዱ ጋር አይዋሃድም።

ቅጂው

ትክክለኛውን ፊልም መርጦ መጥፎ ቅጂ ማየት የተለመደ ኪሳራ ነው። መጀመሪያ ስፋቱ። ሁሉም የተቀረጹት በሰፊ ስክሪን ነው፤ ስፋቱ የቁመቱ 2.35 እጥፍ። ዘመናዊ ቴሌቪዥን ላይ ከላይና ከታች የየራሳቸው 12 በመቶ ያህል ጥቁር መስመር መኖር አለበት። ምስሉ ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ ከሞላው ከጎኑ ሩብ ያህሉ ተቆርጧል። የድሮ ቪዲዮ ካሴት ቅጂ ካሬ የሚመስለው ከሆነ ደግሞ 43 በመቶው የለም። በኩንግ ፉ ፊልም ይህ ማለት መቺው ይታያል፣ ተመቺው ከስክሪኑ ውጭ ነው ማለት ነው። ለመፈተን ሁለት ሰዎች ተራርቀው የቆሙበትን ቦታ ክፈቱ፤ አንዱ ግማሽ ፊት ብቻ ከሆነ ሌላ ቅጂ ፈልጉ።

ቀጥሎ ደቂቃው። 111 ደቂቃ የሆነው ፊልም 106 ተኩል ቢል አትደናገጡ፤ በሰከንድ 24 የነበረው ፍሬም በአውሮፓ ቴሌቪዥን ደንብ በ25 ሲሄድ 4 በመቶ ያጥራል፣ የተቆረጠ ነገር የለም። ከዚያ በላይ ካጠረ ግን ተቆርጧል፤ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ከቀልዱ ነው፣ ቀልዱ ሲቆረጥ ደግሞ ከላይ ያልነው የበቀሉ ሥር ይሄዳል።

ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚለጠፉት ላይ ሌላ ጣጣ አለ። የባለቤትነት መብት መቆጣጠሪያውን ለማምለጥ ምስሉን እንደ መስታወት ይገለብጡታል ወይም ያፈጥኑታል። ሁሉም ሰው በግራ እጁ የሚበላ ከሆነ ተገልብጧል። ማፍጠኑ ደግሞ ይብሳል፤ እነዚህ ድብድቦች ሲቀረጹ ራሱ ብዙ ጊዜ ካሜራው ቀስ ብሎ እንዲዞርና በኋላ እንዲፈጥን ተደርገው ነው የተሠሩት። ሁለተኛ ሲፈጥኑ የምቱ ዜማ ይጠፋል፣ ሰዎቹ አሻንጉሊት ይመስላሉ።

ድምፅን በተመለከተ የዚያ ዘመን ፊልሞች ድምፃቸው በኋላ ነው የተጨመረው፤ አፍና ቃል ባይገጥም የዲስኩ ጥፋት አይደለም። ካንቶንኛ ካለ እሱን ከሳብታይትል ጋር ምረጡ። ሳብታይትሉን ለመፈተሽ የእንግሊዝኛውን ድምፅ አብሩና አወዳድሩ፤ ቃል በቃል አንድ ከሆነ ሳብታይትሉ የተጻፈው ከትርጉሙ ድምፅ ነው፣ ከዋናው አይደለም። «ድራንክን ማስተር» ላይ የካንቶንኛው ድምፅ በከፊል ስለጠፋ በአንዳንድ ቅጂዎች መሃል ላይ ወደ ማንዳሪን ይቀየራል፤ ሪሞቱን አትነካኩ፣ ተመልሶ ይመጣል።

በአማርኛ እየተተረከ የሚቀርበው ቅጂም አለ። ለ«ኩንግ ፉ ሀስል»ና ለ«ድራንክን ማስተር» ምንም አይል፣ አንዳንዴ ተራኪው ከፊልሙ በላይ ያስቃል። «ፊርለስ ሃይና»ን ግን በዚያ አትዩት። የመጨረሻው ድብድብ የሚካሄደው በለቅሶና በሳቅ ድምፅ ነው፤ ተራኪው በላዩ ላይ ሲያወራ ልጁ የሚመታበት ነገር አይሰማም።